ጨው የሌለው ሸሚዝ

ወንድሜን የገደለው ትኩሳቱ ነው ወይስ ጋቢው?

ዛሬም አላውቅም። ሥራዬ ያለውን ከሌለው መለየት ነው። መስታወት ላይ የተለጠፈች፣ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳች የአይጥ እግር ቁራጭ ላይ አጎንብሼ፣ አንድ ፕሮቲን አለ ወይስ የለም እያልኩ ስከራከር እውላለሁ። የሚከራከረኝ ሰው ሲጠፋ ከራሴ ጋር እከራከራለሁ። ይህን ጥያቄ ግን ከየትኛውም ማይክሮስኮፕ ሥር ላስገባው አልቻልኩም። ማስረጃው ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲኬድ ከመንገዱ ወጣ ብላ ባለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን፣ ከግራር ሥር ተቀብሯል።

ወንድሜ ታላቄ ነበር። ፀጉሩ እንደ በቆሎ ፂም የሳሳና የነጣ፣ ቅንድቡ መኖሩ የማያስታውቅ፣ ከዐይኑ በታች ያለው ቆዳ ገና በልጅነቱ የተሸበሸበ ነው። ጥርሱ ጥቂት ነው፤ ያሉትም እንደ ወስፌ የሾሉ ናቸው። የመንደሩ ልጆች "ሽማግሌው" ይሉታል። እሱ አይቀየምም። እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ "ኑ ልመርቃችሁ፤ ሽማግሌ ያልመረቀው ልጅ አያድግም" ይላቸዋል። ልጆቹም እየሳቁ ጎንበስ ይሉለታል። አሮጊቶቹ ግን አይስቁም። ጥርሱን ሲያዩ ወደ ሌላ አቅጣጫ ምራቃቸውን እንትፍ ይላሉ፤ እናቴም ያን እያየች ያላየች ትመስላለች።

ፀሐይ አይወድም። ረፋዱ ላይ ከቤታችን ጓሮ ወርዶ ምንጩ ውስጥ ጭንቅላቱን ይነክርና ሸሚዙን አርጥቦ ይለብሳል። አባቴ ለእርሻ የሚሆን ልጅ አለመሆኑን ሲያዩ ትምህርት ቤት አስገቡት። እኔ ሴት ነኝና ቤት ቀረሁ። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከቤቱ ጀርባ ጥላው ላይ ይቀመጥና ፊደል ያስቆጥረኝ ነበር። ዋጋው አንድ ቅል ውኃ ነው። ግማሹን ይጠጣዋል፣ ግማሹን አናቱ ላይ ያፈስሰዋል። ውኃው ከአገጩ እየተንጠባጠበ "ሀ ግዕዝ" ይለኛል፤ እኔም እደግማለሁ።

ትምህርት ቤት ቢገባም በአጨዳ ጊዜ ከወንፈል የሚቀር ወንድ የለም። ወንፈል ማለት ዛሬ ያንተን ማሳ፣ ነገ የእኔን እያልን ጉልበት የምንመላለስበት ነው። ጉልበት እንደ እህል ይበደራል፣ እንደ እህል ይመለሳል። ስለዚህ ማን በእውነት እንደሠራ፣ ማን ማጭዱን ይዞ እንደተጎለተ ሁሉም በዐይኑ ጥግ ይጠባበቃል። እኛ ዘንድ ለዚህ አንድ ልማድ ነበር። ቀትር ላይ ምሳ ሲቀርብ፣ ወንፈሉን የሚመሩት ጎረቤታችን እያንዳንዱን አጫጅ ጀርባውን በመዳፋቸው መታ ያደርጉታል። መዳፋቸው ከረጠበ "እሰይ፣ ብላ" ይሉታል። ጨዋታ ነው። ግን ማንም ሰው ጀርባው ደርቆ ሊገኝ አይፈልግም።

ያን ዓመት ዳጉሳ ሲታጨድ ምሳ የተሸከምነው እናቴና እኔ ነበርን። ጎረቤታችን በተርታ እየመቱ መጥተው ወንድሜ ዘንድ ሲደርሱ መዳፋቸውን እንዳሳረፉ ቆዩ። ከዚያ አንስተው እንደ ዱቄት እፍ አሉት።

"የዚህ ልጅ ጀርባ ላይ እንኳን ዳጉሳ ጤፍ ይወቃል" አሉ። "አቧራው እንኳ አልራሰም።"

ሰዉ ሳቀ። ወንድሜም ሳቀ። በማግስቱ ከምሳ በፊት ምንጭ ወርዶ ሸሚዙን ነክሮ መጣ። ጎረቤታችን ጀርባውን መቱት፤ ረጥቧል። "እሰይ" ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና መዳፋቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ።

"ይኼስ የምንጭ ውኃ ነው። ልጄ፣ ላብ ይሸታል እኮ።"

ያን ጊዜ የሳቁት ጥቂቶች ናቸው። ከዚያ በኋላ የሱ ውሎ ለአባቴ እንደ ሙሉ ሰው አይያዝም፣ እንደ ግማሽ ነው የሚመለሰው ተባለ። አባቴ መሬት መሬቱን እያዩ ተስማሙ። ማታ ግን ለልጃቸው አንድ ቃል አልተናገሩትም፤ ከቁጣው የከፋው ያ ነበር።

እኔም እጠረጥረው ነበር። የቤቱን ልብስ ወንዝ ወርጄ የማጥበው እኔ ነኝ። የአባቴ ሸሚዝ ሳይታጠብ ሲደርቅ ጀርባው ላይ ነጭ መስመር ያወጣል፤ ላቡ ከደረሰበት ዳር ዳር ጨው ይቀራል፣ እንደ ወንዝ ዳርቻ። ከወንድሜ የሚያንሱት የአጎቶቼ ልጆች ሸሚዝም እንደዚያው ነው። የወንድሜን ሸሚዝ ብገለብጥ ብገለብጥ ጨው የለውም። አፈር አለው፣ የዳጉሳ ገለባ አለው፣ ጨው የለውም። አንድ ጊዜ በምላሴ ነካሁት። ሰው የለበሰው አይመስልም። ከድንጋይ ላይ እየደበደብኩት፣ ይህ ልጅ ቀኑን ሙሉ የት ነው የሚውለው ብዬ አስብ ነበር። ማጭዱን ይዞ ሲያጎነብስ በዐይኔ አይቻለሁ፤ ሸሚዙ ደግሞ ሌላ ይናገራል። ማንን ልመን?

የካቲት ላይ ዳጉሳው የሚወቃው የጎረቤታችን አውድማ ላይ ነበር። ያን ቀን ወንድሜ ወደ ምንጭ አልወረደም። ይህን በእርግጠኝነት የማውቀው ምንጩ ዳር ውኃ ስቀዳ ስለዋልኩ ነው። መጥቶ ጭንቅላቱን ቢነክር አየው ነበር። የዚያ መዳፍ ነገር አሳፍሮት እንደቀረ እገምታለሁ፤ ግምት ነው፣ አልነገረኝም። ከቀትር በኋላ ሁለት ሰዎች ደግፈው አመጡት። ንግግሩ ተሳስሯል። ግንባሩን ስነካው እንደ ምጣድ ነው፤ እንደዚያ ያለ ትኩሳት ከዚያ ወዲህም አልነካሁም።

ምች ነው ተባለ። ምች የመታው ሰው ምን እንደሚደረግለት የማያውቅ የለም። ዳማከሴ ተቀጠፈ፣ ተጨምቆ ጠጣ፣ በቀረው ገላው ታሸ። በሩ ተዘጋ። የአባቴ ወፍራም ጋቢ ወጣ፤ ታጥፎ ተደረበለት። ላብ ካወጣው ይለቀዋል። የገባው ጎረቤት ሁሉ "አላበው?" እያለ ይጠይቃል፤ እናቴ እጇን ከጋቢው ሥር ሰድዳ ትዳስስና "ገና" ትላለች። "እንግዲያ ደርቡለት" ይላሉ። ገልጦ እንዳይጥለው ብላ እናቴ የጋቢው ጫፍ ላይ ተቀመጠችበት። እሱ መጀመሪያ ታገለ፤ ትግሉ ትኩሳቱ ሊወጣ ሲል ነው ተባለ። ኋላ መታገሉን ተወ። ከብቶቹ ከመግባታቸው በፊት ዝም አለ።

እናቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ የምትጠረጥረው አንድ ሰው ነው፤ ጀርባውን የመቱትን ጎረቤታችንን። "የነካው እጅ ነው የበላው" ትላለች። ለቅሶ ሲመጡ ጀርባዋን ሰጠቻቸው። ከዚያ ወዲያ በሁለቱ ቤቶች መካከል ወንፈል ቀረ፣ እሳት መጫጫር ቀረ። ሰውዬው ዛሬ በጣም አርጅተዋል። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ እናቴን ካዩ መንገዱን ለቀው በማሳ ያልፋሉ።

በመስከረም አባቴ እኔን ትምህርት ቤት አስገቡኝ። ምክንያቱን አልተናገሩም፤ ከቤታችን አንድ ተማሪ ጎድሎ ነበር፣ ሞላሁት። አንደኛ ክፍል ስገባ እኩዮቼ ልጅ አዝለዋል። አጠገቤ የሚቀመጡት ሕፃናት ወገቤ ላይ ስለሚደርሱ "እማማ" ይሉኝ ነበር። የወንድሜ ሞት ነው ያስተማረኝ ብዬ ስለማስብ፣ መጽሐፍ ስገልጥ ሁልጊዜ የሰው ዕቃ የያዝኩ ይመስለኛል። በዚህም ምክንያት ይሁን በተፈጥሮዬ፣ የተነገረኝን ሁሉ ሳላጣራ አልቀበልም። አስተማሪ ሰሌዳ ላይ የጻፈውን ቤት ሄጄ እንደገና እሠራዋለሁ። ብዙዎች ይህን ትዕቢት ይሉታል።

ከብዙ ዓመት በኋላ ነው አዲስ አበባ አንድ ላብራቶሪ የገባሁት። መምህሬ የሚያጠኑት የላብ ዕጢ በፅንስ ጊዜ እንዴት እንደሚበቅል ነው። አይጥ መላ ገላዋ አያልባትም፤ የሚያልባት ከመዳፏ ሥር ባሉት ጉብታዎች ላይ ብቻ ነው። መጀመሪያ ያሠሩኝ ቀላሉን ነው። የአይጧን መዳፍ አዮዲን ቀብቼ፣ ከደረቀ በኋላ በዘይት የተለወሰ ስታርች እደርብበታለሁ። ላብ በወጣበት ቦታ ሁሉ ጥቁር ነጥብ ብቅ ይላል። ትንሿ መዳፍ ላይ ነጥቦቹ አንድ በአንድ ሲወጡ ሳይ የአባቴ ሸሚዝ ታየኝ። ይህም ያው ምስክር ነው፤ ጨው ፈንታ ጥቁር ነጥብ።

ዋናው ሥራ ግን ጠቋሚ ፕሮቲኖችን መፈለግ ነበር። ዕጢው ከቆዳው ወደ ታች እንደ ሥር ይበቅላል፣ መጨረሻው ላይ እንደ ክር ይጠቀለላል። የውጩ ሽፋን ሕዋሳት አንድ ዓይነት ኬራቲን የሚባል ፕሮቲን ይይዛሉ፣ የውስጦቹ ሌላ ዓይነት፤ ላቡን ጨምቀው የሚያስወጡት ደግሞ አክቲን የሚባል ሌላ ፕሮቲን አላቸው። ለእያንዳንዱ ፕሮቲን እሱን ብቻ ፈልጎ የሚጣበቅ አንቲቦዲ አለ። አንቲቦዲው ላይ የሚያበራ ቀለም ይታሰርበታል። በጨለማው ክፍል ከማይክሮስኮፑ ሥር ሲያዩት የውጩ ቀለበት አረንጓዴ፣ የውስጡ ቀይ ሆኖ ይበራል። አንቲቦዲ ግን ይዋሻል። የማይመለከተው ነገር ላይም ይጣበቃል፤ አንዳንዴም ያለምንም ምክንያት አይጣበቅም። ስለዚህ እኔ ያበራውንም ያልበራውንም አላምንም። ከእያንዳንዱ ቁራጭ ጎን አንቲቦዲ ያልነካው ሌላ ቁራጭ አስቀምጬ አብሬ አያለሁ። መምህሬ "አንቺ ፖሊስ መሆን ነበረብሽ" ይሉኛል።

አንድ ጊዜ ከውጭ አገር ላብራቶሪ በሰም ውስጥ የተቀበሩ የአይጥ መዳፎች መጡ። በላያቸው ፊደል ብቻ ነው የተጻፈው። የትኛው ጤነኛ፣ የትኛው ጉድለት ያለበት እንደሆነ እንዳላውቅ መምህሬ ሆን ብለው ደበቁኝ። በስስ በስሱ ቆርጬ ቀለም አስገባሁ። ግማሾቹ ላይ ዕጢዎቹ እንደ መብራት ተደርድረው በሩ። ግማሾቹ ላይ ምንም የለም። ዕጢው ሊኖርበት ከሚገባው ቦታ ጠቋሚዎቹ በሙሉ ጠፍተዋል።

ሥራዬን ተጠራጠርኩ። እንደገና ሠራሁት፣ ያው ነው። አንቲቦዲው ተበላሽቷል ብዬ አዲስ ከፈትኩ፣ ያው ነው። በመጨረሻ የቆዳውን የላይኛውን ሽፋን ልብ አልኩት። ኬራቲኑ እዚያ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ደምቆ በርቷል። ቀለሙ ሠርቷል ማለት ነው። የሌለው ዕጢው ነው። ከመጀመሪያውም አልበቀለም።

ለመምህሬ ስነግራቸው የአይጦቹን ፎቶግራፍ አሳዩኝ። ፀጉራቸው የሳሳ፣ ከጆሯቸው ጀርባ መላጣ፣ ጥርሳቸው የተበላሸ ነው። ይህ ጉድለት በሰውም አለ አሉኝ። ላብ የላቸውም፣ ጥርሳቸው ጥቂትና ሹል ነው፣ ሙቀት ይጎዳቸዋል። ብዙውን ጊዜ የሚያጠቃው ወንዶቹን ነው፤ የሚያወርሱት ግን እናቶች ናቸው፣ እነሱ ላይ ጎልቶ ሳይታይ፤ ምልክቱ አንዳንዴ ላባቸው ቦታ ቦታ እየዘለለ መውጣቱ ብቻ ነው።

"ፀሐይ ላይ ከቆዩስ?" አልኳቸው።

"ውኃ ካላገኙና ጥላ ካላገኙ ይሞታሉ" አሉ።

"ብርድ ልብስ ቢደረብላቸውስ?"

ቀና ብለው አዩኝ። "ማን ይደርብላቸዋል?" አሉ።

ፎቶግራፎቹን መለስኩላቸው። ያን ሳምንት በተከራየሁት ክፍል ሁለት መስታወት አፋጥጬ፣ የራሴን ጀርባ እጄ እስከደረሰበት ድረስ አዮዲንና ስታርች ቀባሁ። ሙቅ ውኃ ጠጥቼ ተጠባበቅሁ። ነጥቦቹ ወጡ፤ ግን ጎርፍ እንደሄደበት ማሳ አንዱ ቦታ ጥቅጥቅ ብለው፣ አንዱ ቦታ ባዶ ሆነው። ምናልባት ቀለሙን በደንብ ስላልቀባሁት ይሆናል። የራስን ጀርባ በትክክል መቀባት አይቻልም። የሚቀባኝ ሰው ደግሞ ልጠይቅ አልፈለግሁም።

ታናሽ እህቴ ቡሬ ነው የምትኖረው፤ ባሏ በርበሬ ይነግዳል። ወንድማችን ሲሞት ገና ጡት ላይ ስለነበረች አታስታውሰውም። በቤታችንም ስለሱ አይወራም። ለገና ስሄድ የመጀመሪያ ልጇን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ዓመት ሊሞላው ነው፤ ጥርስ የለውም። ፀጉሩን ከመስኮት በሚገባው ብርሃን ሳየው በቆሎ ፂም ነው። ከዐይኑ በታች ተሸብሽቧል።

ትኩሳት አይለየውም አለችኝ እህቴ። ጤና ጣቢያ ስትወስደው ደም ይመረምሩለታል፣ ወባ የለበትም ይሏታል፣ ሽሮፕ ሰጥተው ይመልሷታል። ማታ ይበርድለታል፤ ቀን ሲሞቅ ይመለስበታል። እኔ እየሰማኋት ልጁን አያለሁ። ድዱን አያለሁ፣ ቅንድቡን አያለሁ። ሳላስበው እጄን ከልብሱ ሥር ሰድጄ መዳፌን ጀርባው ላይ አሳረፍኩ። ደረቅ ነው፤ ይፋጃል። በዚያች ቅጽበት የጎረቤታችን የሰውዬው መዳፍ የእኔ መዳፍ ሆነ።

እህቴ ልጁን ነጠቀችኝ። ፊቱን በነጠላዋ ሸፈነች።

"እታለም፣ ልጄን እንዲህ አትይው" አለች።

"እንዴት አየሁት?"

"አይጥ እንደምታይ።"

ልጅ የለኝም፣ አላገባሁም፣ ብዙ አልናገርም፣ አፍጥጬ አያለሁ። እንደኔ ያለችን ሴት እኛ አገር በምን እንደሚጠረጥሯት አውቃለሁ። በማግስቱ የልጁ አንገት ላይ አዲስ ክታብ ታስሮ አየሁ። ማንን እንደፈራች መጠየቅ አላስፈለገኝም። ልነግራት እችል ነበር። ግን ምን ብዬ? የአንድ ሕፃን የዘገየ ጥርስና የሳሳ ፀጉር ማስረጃ አይደለም። ብሳሳት እህቴን ያለ ነገር አስደነግጣለሁ። ባልሳሳት ደግሞ ቃሉ ቡሬ ላይ አይቆምም፤ ተሻግሮ እናቴ ዘንድ ይደርሳል፣ እናቴም ጋቢውን ታስታውሳለች። ስለዚህ እንደ አገሬ ሰው ዙሪያውን ሄድኩ። አዲስ አበባ ሕፃናትን ቀን ቀን በቀዝቃዛ ጨርቅ እንደሚያብሷቸው፣ ወፍራም ልብስ እንደማያለብሷቸው እንደ ወሬ አወራሁ። እህቴ "የአዲስ አበባ ልጅ ሌላ ነው" አለችና ልጁን ደራርባ ጠቀለለችው። ከእኔ የሚመጣ ምክር ሁሉ ዐይን ያለበት መስሏት ነበር።

አዲስ አበባ ስመለስ በየሳምንቱ እደውላለሁ። "ጥርስ አወጣ?" እላለሁ። "ለምን ጥርሱን ትጠይቂኛለሽ?" ትላለች። መጋቢት ላይ ሳልጠይቃት ራሷ ነገረችኝ። አንድ ጥርስ አውጥቷል። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ሹል ነው" አለች።

መምህሬን ፈቃድ ጠይቄ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ቡሬ ስደርስ የሚያዝያ ቀትር ነው፤ ዝናብ አልጀመረም፣ ቆርቆሮው ይንጣጣል። በሩን ሳንኳኳ የከፈተችልኝ እናቴ ናት። የልጅ ልጇ ታሞ ተልኮባት ጠዋት መምጣቷ ነው። ልጁ አልጋ ላይ ተጋድሟል፤ ትንፋሹ ቶሎ ቶሎ ይላል፣ ለቅሶውን ትቷል። ዳማከሴው ተጨምቋል። መስኮቱ ተዘግቷል። እህቴ ከአልጋው ራስጌ ተቀምጣለች። እናቴ ሰላምታዬን በወጉ ሳትጨርስ ሳጥኑን ከፍታ ጋቢ አወጣች። ያ ጋቢ አይደለም፤ የእህቴ ባል አዲስ ጋቢ ነው። ነገር ግን አጣጠፏ ያው ነው።

"ምች ነው" አለች። "ያልበው።"

የጋቢውን ጫፍ ያዝኩት። እናቴ መጀመሪያ ላግዛት መስሏት ለቀቅ አደረገችልኝ።

"አያልበውም" አልኩ።

"ሳይሸፈን እንዴት ያልበዋል?"

"እማ፣ ይህ ልጅ ላብ የለውም። ላብ የሚያወጣው ነገር ገላው ላይ አልበቀለም። ሸፍነሽው ብትውይ አንዲት ጠብታ አይወጣውም፤ ሙቀቱ ውስጡ ነው የሚቀረው።"

"አንቺ በምን አወቅሽ?" አለች እህቴ። ድምጿ ውስጥ ያ ክታብ አለ።

"አይጥ ሳይ" አልኳት። "ሥራዬ ይኸው ነው። ላብ የሌላቸውን አይጦች አይቻለሁ፤ ፀጉራቸውም ጥርሳቸውም እንደሱ ነው። በሰውም አለ።" ከዚያ ለዓመታት ከአፌ ያልወጣውን ጨመርኩ። "ወንድማችንም እንደዚሁ ነበር።"

እህቴ ከእኔ ወደ እናቴ፣ ከእናቴ ወደ ልጁ ዐይኗን አንከራተተች።

"ከማን ነው የሚመጣበት?" አለች ቀስ ብላ።

"ከእናት በኩል ነው የሚመጣው። እናትየው ላይ አይታወቅም።"

"ከእኔ?"

"ካንቺ። እኔም ብወልድ ከእኔ ሊሆን ይችላል። እኛ ደግሞ..." አልኩና ቆምኩ።

"ከእኔ" አለች እናቴ። "ምን ያስፈራሻል፣ ከእኔ በይው።"

ጋቢውን ለቀቀች። እኔም ለቀቅሁ፤ መሬት ላይ ወደቀ። መስኮቱን ከፈትኩ። እህቴ የታዘዘችውን ታደርግ ጀመር፤ ልብሱን አወለቀች፣ ባልዲ አመጣች። እናቴ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ውኃው ውስጥ ነከረችና ጨምቃ ልጁ ላይ ዘረጋችው። ነጠላው ሲሞቅ ታነሳዋለች፣ ትነክረዋለች፣ መልሳ ትዘረጋዋለች። እህቴ በጨርቅ ውኃ አፉ ውስጥ ጠብ ጠብ ታደርግለታለች። ሲቀዘቅዝ ጤና ጣቢያ እንወስደዋለን፣ የማየውን ሁሉ ለሐኪሙ እኔ እናገራለሁ አልኩ። በመጨረሻ ልጁ ዐይኑን ገለጠ፣ የነጠላውን ጥለት ጨምድዶ ያዘና አለቀሰ። የለቅሶው ድምፅ ሲወጣ እህቴ አነሳችው፤ ጡቷን ሲይዝ እሷም ማልቀስ ጀመረች።

እናቴ ባልዲው አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ እንዳለች ቀረች። እጆቿ እስከ ክርኗ ረጥበዋል።

"ጋቢው ደረቅ ነበር" አለች።

ስለ የትኛው ጋቢ እንደምታወራ ገብቶኛል።

"ያን ቀን ላነሳለት ስል ዳሰስኩት። ያን ያህል ሰዓት ሰው ተሸፍኖበት እንደ ወጣበት ሳጥን ደረቅ ነው። ምን ዓይነት ነገር ነው ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። ከዚያ ያ ሰውዬ ለቅሶ መጣ። መዳፉን አየሁት። እንግዲያ የእሱ እጅ አይደለም።"

"አይደለም፣ እማ።"

"ከሆነስ፣ የገደለው ትኩሳቱ ነው ወይስ ጋቢው?"

ልዋሽላት እችል ነበር። ትኩሳቱ ነው ብላት፣ ሲመጣም አልቆለት ነበር ብላት፣ እህቴም ትደግፈኝ ነበር። ግን ያልበራውን በራ ማለት አልችልበትም።

"አላውቅም" አልኳት።

ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ያን አስተያየት ከየት እንደወረስኩት ያን ቀን አወቅሁ። ከዚያ ወደኔ ተጠጋች፣ የረጠበ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና፣ ከሹራቤ ሥር በአንገቴ በኩል ሰድዳ መዳፏን ጀርባዬ ላይ አሳረፈች። አልተንቀሳቀስኩም። ካንዱ ትከሻዬ ወደ ሌላው ቀስ እያለች ዳሰሰችኝ፤ አንድ ቦታ ቆመች፣ ሌላ ቦታ አለፈች።

እጇን አወጣችና መዳፏን ገልብጣ በመስኮቱ ብርሃን አየችው። ምን እንዳገኘች አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋት።